ጉበት ሲደክም፦ ንቅለ ተከላ አስፈላጊ የሚሆነው መቼ ነው?

በአገራችን የዓይኑ ነጭ ክፍል ወደ ቢጫነት የተለወጠ፣ ሽንቱ የጠቆረና የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ሰው ሲያጋጥም «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። የበሽታው መነሻ የሌሊት ወፍ ናት የሚል እምነትም በብዙ አካባቢ አለ። በሕክምና ሳይንስ ግን ይህ ቢጫነት በራሱ በሽታ ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ የጉበት ወይም የሐሞት መውረጃ ችግር ምልክት ነው። ምልክቱ ከታየባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይድናሉ። የአንዳንዶቹ ጉበት ግን ሥራውን ወደ ማቆም ይደርሳል፤ ለእነዚህ ሕመምተኞች የሚቀረው ተስፋ የሌላ ሰው ጉበት ወይም የጉበት ክፋይ መቀበል ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ዐቢይ ጥያቄ «ይህ ጊዜ መቼ ነው?» የሚል ነው። ንቅለ ተከላው ያለጊዜው ከተደረገ፣ በራሱ ጉበት ለዓመታት ሊኖር የሚችልን ሰው ለከባድ ቀዶ ሕክምና አደጋ ያጋልጠዋል። ከዘገየ ደግሞ ሕመምተኛው ቀዶ ሕክምናውን የሚቋቋምበት ጉልበት አይተርፈውም። ስለሆነም ውሳኔው በሁለት አደጋዎች መካከል የሚደረግ ማመዛዘን ነው። ማመዛዘኑ እንዴት እንደሚከናወን ለመረዳት በቅድሚያ የጉበትን ሥራ ማወቅ ይገባል።

ጉበት ምን ይሠራል?

ጉበት በሰውነታችን ውስጥ ከሚገኙት የውስጥ አካላት ሁሉ ትልቁ ነው። በአዋቂ ሰው ክብደቱ 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ የሚገኘውም በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቶች ሥር ነው። ከሌሎች አካላት የሚለየው አንዱ ነገር ደም ከሁለት አቅጣጫ የሚደርሰው መሆኑ ነው። ወደ ጉበት ከሚገባው ደም አንድ አራተኛው ያህል በደም ቅዳ በኩል ከልብ ይመጣል። ቀሪው ሦስት አራተኛ ግን ከአንጀት፣ ከጨጓራ፣ ከቆሽትና ከጣፊያ ተሰብስቦ ፖርታል በሚባለው ደም መልስ በኩል ይደርሳል። በዚህም ምክንያት ከምንበላው፣ ከምንጠጣውና ከምንውጠው መድኃኒት አብዛኛው ወደ ቀሪው ሰውነት ከመሠራጨቱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል።

የጉበት ተግባራት በርካታ ቢሆኑም ለርዕሳችን የሚያስፈልጉትን በአራት ከፍለን ልናያቸው እንችላለን። አንደኛ፣ ከምግብ የተገኘውን ስኳር በግላይኮጅን መልክ ያከማቻል፤ ሰውነት ሲራብም መልሶ ወደ ደም ይለቃል። ሁለተኛ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን አብዛኞቹን ፕሮቲኖችና በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚይዘውን አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ይሠራል። ሦስተኛ፣ መርዛማ ነገሮችን ያስወግዳል፤ ለምሳሌ ከፕሮቲን መፍረስ የሚመነጨውን አሞኒያ ወደ ዩሪያ ይለውጥና በኩላሊት በኩል እንዲወጣ ያደርገዋል። አራተኛ፣ ከአረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት የሚገኘውን ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ቀለም ከደም ለይቶ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ያስወጣል።

ከእነዚህ ተግባራት የጉበትን መድከም ምልክቶች በቀላሉ መገመት ይቻላል። ቢሊሩቢን ሳይወገድ ሲቀር ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ። ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች ሲያንሱ ትንሽ ቁስል ብዙ ይደማል። አልቡሚን ሲጎድል እግር ያብጣል፤ በሆድ ውስጥም ፈሳሽ ይጠራቀማል። አሞኒያና ሌሎች መርዛማ ነገሮች ወደ አንጎል ሲደርሱ ሕመምተኛው በቅድሚያ እንቅልፉ ይዛባል፣ ከዚያ ንግግሩ ይደናገራል፣ በመጨረሻም ራሱን ይስታል።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ጠቃሚ ነው። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ደሙ በመሣሪያ እየታጠበ ለዓመታት ሊኖር ይችላል፤ የኩላሊት ዋነኛ ሥራ ማጣራት ስለሆነ ማጣሪያ መሣሪያ በከፊል ሊተካው ይችላል። ጉበት ግን ከማጣራት በተጨማሪ የሚሠራ፣ የሚያከማችና የሚለውጥ አካል ነው። ይህን ሁሉ በአንድነት አከናውኖ ሰውን ለዓመታት የሚያኖር መሣሪያ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የጉበት ንቅለ ተከላ ጉዳይ ከኩላሊቱ ይልቅ አስቸኳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የመታደስ ኃይልና ወሰኑ

ጉበት ተቆርጦ የተወሰደበትን መጠን መልሶ የማብቀል አስደናቂ ችሎታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ከአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛውን ቆርጠው ሲያወጡ፣ የቀረው አንድ ሦስተኛ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞው ክብደት መመለሱን አሳይተዋል። በሰውም ተመሳሳይ ሂደት ይካሄዳል። ሆኖም ተቆርጦ የወጣው ክፋይ በነበረበት ቅርጽ ተመልሶ አይበቅልም፤ የቀሩት ክፋዮች ሕዋሳት ይባዛሉ፣ የጠፋውንም ሥራ ይሸፍናሉ።

ይህ ችሎታ ለሰው ልጅ ትልቅ ጸጋ ቢሆንም አንድ ጉዳትም አለው። ጉበት ትርፍ አቅም ስላለው ብዙ እስኪጎዳ ድረስ ምልክት አያሳይም። ሰውየው ሥራውን እየሠራ፣ ተማሪዋም ትምህርቷን እየተከታተለች በሽታው ለ10 ወይም ለ20 ዓመታት በዝግታ ሊቀጥል ይችላል። በተጨማሪም የመታደስ ኃይሉ ወሰን አለው። ጉዳቱ አንድ ጊዜ ደርሶ ካቆመ ጉበት ያገግማል፤ ጉዳቱ ያለማቋረጥ ከተደጋገመ ግን በሕዋሳቱ ቦታ ጠባሳ ይተካል። የንቅለ ተከላ ጥያቄ የሚነሣው ይህ ወሰን ሲታለፍ ነው።

ድንገተኛ መድከም

የጉበት መድከም በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ይከሰታል። የመጀመሪያው ድንገተኛው ነው። ቀድሞ የጉበት በሽታ ያልነበረበት ሰው ከ26 ሳምንታት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በቀናት ውስጥ፣ የደሙ መርጋት ሲዛባና አእምሮው ሲደናገር ድንገተኛ የጉበት መድከም ደረሰበት ይባላል። መንስኤዎቹ እንደየአገሩ ይለያያሉ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ቀዳሚው መንስኤ ከመጠን በላይ የተወሰደ ፓራሲታሞል ነው። በብዙ ታዳጊ አገሮች ደግሞ የጉበት ቫይረሶች ቀዳሚ ናቸው። ከእነዚህም ሄፓታይተስ ኢ በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ለሚገኙ ነፍሰ ጡሮች እጅግ አደገኛ ነው።

ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ደኅንነቱ የተጠበቀ መድኃኒት ነው። ጉበት መድኃኒቱን በሚያብላላበት ጊዜ ጥቂቱ ወደ መርዛማ ውሁድ ይለወጣል፤ ይህንንም ግሉታታዮን የተባለ የሕዋስ ንጥረ ነገር ወዲያው ያከሽፈዋል። መጠኑ ሲበዛ ግን የግሉታታዮን ክምችት ያልቅና መርዙ የጉበትን ሕዋሳት መግደል ይጀምራል። የጠፋውን ግሉታታዮን የሚተካ ማርከሻ አለ፤ ስሙም ኤን-አሲታይል ሲስቴን ይባላል። ማርከሻው ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ስለሆነ፣ ሰውየው ምንም ባያመው እንኳ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መወሰድ ይኖርበታል።

በድንገተኛው መድከም ሐኪሞች የሚጋፈጡት ጥያቄ ከባድ ነው። የሕመምተኛው ጉበት ጊዜ ከተሰጠው ራሱን ሊያድስ ይችላል፤ ከታደሰም ሰውየው ከንቅለ ተከላና ዕድሜ ልክ ከሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። ካልታደሰ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንጎል እብጠት ሊሞት ይችላል። ለዚህ ውሳኔ የሚረዳ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1989 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ሐኪሞች ቀረበ። በፓራሲታሞል ምክንያት ለደከመ ጉበት መለኪያው ሁለት አማራጭ ምልክቶችን ይጠይቃል። አንዱ፣ አስፈላጊው ፈሳሽ ከተሰጠ በኋላም የደሙ ፒኤች ከ7.3 በታች መሆኑ ነው። ሌላው፣ ሦስት ነገሮች በአንድነት መገኘታቸው ነው፤ እነዚህም የከፋ የአእምሮ መደናገር ወይም ራስን መሳት፣ የከፋ የደም አለመርጋትና የከፋ የኩላሊት መድከም ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ከተገኘ ጉበቱ በራሱ የማገገም ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ ሕመምተኛው ለአስቸኳይ ንቅለ ተከላ ይመዘገባል።

በዝግታ የሚመጣ መድከም

ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው ይልቅ የተለመደ ነው። ለዓመታት በቆየ ጉዳት ምክንያት ለስላሳው የጉበት ሕብረ ሕዋስ በጠባሳ እየተከፋፈለ ይጠጥራል፤ ይህም ሲሮሲስ ይባላል። ዋና ዋና መንስኤዎቹ ሄፓታይተስ ቢና ሄፓታይተስ ሲ የተባሉት ቫይረሶች፣ የአልኮል መጠጥ፣ እንዲሁም ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዘው የጉበት ስብ ናቸው። በጠባሳው ምክንያት ደም በጉበት ውስጥ እንደ ልብ ማለፍ ስለማይችል በፖርታል ደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ደሙ ሌላ መውጫ ሲፈልግ በጉሮሮ ታችኛው ክፍልና በጨጓራ ያሉትን ደም መልሶች ያሳብጣል፤ እነዚህ ሲፈነዱ ሕመምተኛው ደም ያስታውካል።

ሲሮሲስ ሁለት ምዕራፎች አሉት። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጉበቱ ቢጠባሰስም የቀሩት ሕዋሳት ሥራውን ይሸፍናሉ። ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ከአራቱ ምልክቶች፣ ማለትም ከሆድ ፈሳሽ፣ ከደም ማስታወክ፣ ከአእምሮ መደናገርና ከዓይን ቢጫነት አንዱ ሲታይ ነው። የሁለቱ ልዩነት ታላቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚያሳየው፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ከሚገኙት ሕመምተኞች ግማሾቹ ከ12 ዓመታት በላይ ሲኖሩ፣ በሁለተኛው ምዕራፍ ግን ግማሾቹ የሚኖሩት 2 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም ከአራቱ ምልክቶች አንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ መታየቱ ስለ ንቅለ ተከላ ማሰብ የሚጀመርበት ወቅት መድረሱን ያመለክታል።

ይሁን እንጂ የሆድ ማበጥና ደም ማስታወክ ሁሉ ንቅለ ተከላ አይጠይቅም። በአገራችን ሐይቆችና ወንዞች አካባቢ የሚገኘውን ቢልሃርዚያ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የትሉ እንቁላሎች በፖርታል ደም መልስ ቅርንጫፎች ዙሪያ ጠባሳ ስለሚፈጥሩ ግፊቱ ይጨምራል፣ ጣፊያም ያብጣል። ነገር ግን የጉበት ሕዋሳት ራሳቸው ብዙውን ጊዜ በደኅና ይሠራሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ የሚያስፈልገው ትሉን የሚያጠፋ መድኃኒትና የደም መፍሰሱን መቆጣጠር ነው። ከዚህ የምንረዳው ለውሳኔው ዋናው ነገር ጉበቱ መጥፎ መምሰሉ ሳይሆን ሥራውን መሥራት ማቆሙ መሆኑን ነው።

አደጋን በቁጥር መመዘን

ሥራ ማቆምን እንዴት እንለካዋለን? በአሜሪካ የሜዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 ባሳተሟቸው ጥናቶች ሜልድ የተባለ የነጥብ አሰጣጥ አቀረቡ። ነጥቡ የሚሰላው ከሦስት የደም ምርመራዎች ነው። የመጀመሪያው ቢሊሩቢን ሲሆን የጉበትን የማስወገድ አቅም ያሳያል። ሁለተኛው አይኤንአር የሚባለው የደም መርጋት መለኪያ ነው፤ በጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ሆኖ ጉበት ደም አርጊ ፕሮቲኖችን መሥራት ሲያቅተው ከፍ ይላል። ሦስተኛው ክሬቲኒን የኩላሊትን ሁኔታ ያመለክታል፤ የጉበት መድከም ሲበረታ ኩላሊትንም ይዞ ስለሚወድቅ ነው። ቢሊሩቢንና ክሬቲኒን በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲለኩ ቀመሩ የሚከተለው ነው፤ ሎግ የተባለው የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው።

ነጥብ = 3.78 × ሎግ(ቢሊሩቢን) + 11.2 × ሎግ(አይኤንአር) + 9.57 × ሎግ(ክሬቲኒን) + 6.43

ከ1 በታች የሆነ ልኬት እንደ 1 ይቆጠራል፤ ነጥቡም ከ6 እስከ 40 ይደርሳል። ሁለት ሕመምተኞችን በምሳሌነት እናስብ። የመጀመሪያው ቢሊሩቢኑ 1.5፣ አይኤንአሩ 1.2፣ ክሬቲኒኑ 0.8 ነው እንበል። ስሌቱ 1.53 + 2.04 + 0 + 6.43 ሲሆን ነጥቡ 10 ይሆናል። ሁለተኛው ቢሊሩቢኑ 6፣ አይኤንአሩ 2፣ ክሬቲኒኑ 1.5 ነው። ስሌቱ 6.77 + 7.76 + 3.88 + 6.43 ሲሆን ነጥቡ 25 ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት፣ ንቅለ ተከላ ከሚጠባበቁ ሕመምተኞች መካከል ነጥባቸው ከ10 እስከ 19 ከሆነው በሦስት ወር ውስጥ 6 በመቶ ያህሉ ሞተዋል። ከ20 እስከ 29 ከሆነው 20 በመቶ ያህሉ፣ ከ30 እስከ 39 ከሆነው ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሞተዋል።

አሁን በመግቢያችን ወደ ጠቀስነው ማመዛዘን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ጉበት የተተከለላቸውን ሰዎች ወረፋ ከሚጠብቁት ጋር አነጻጸረ። ነጥባቸው ከ15 በታች ለሆነ ሕመምተኞች በመጀመሪያው ዓመት ከመጠበቅ ይልቅ መተከሉ የበለጠ ለሞት የሚያጋልጥ ሆኖ ተገኘ። ነጥቡ ከዚያ በላይ ሲሆን ሚዛኑ ወደ ንቅለ ተከላው ያደላል። ስለዚህ ባለ 10 ነጥቡ ሕመምተኛ በሕክምና ክትትል ቢቆይ ይሻለዋል፤ ባለ 25ቱ ግን ጊዜው ደርሷል። በአሜሪካ ከየካቲት ወር እ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ ከሞቱ ለጋሾች የሚገኙ ጉበቶች የሚከፋፈሉት ቀድሞ ለተመዘገበ ሳይሆን ነጥቡ ከፍ ላለ፣ ማለትም ለሞት ለቀረበ ሰው ቅድሚያ በመስጠት ነው።

ቁጥር ግን ሁሉን አይናገርም። ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ሴቶች በአማካይ ከወንዶች ያነሰ ጡንቻ ስላላቸው፣ ኩላሊታቸው እኩል ቢደክምም ክሬቲኒናቸው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ነጥባቸውም ያንሳል፤ በወረፋውም ወደ ኋላ ይቀራሉ። ይህን ኢፍትሐዊነት ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሥራ ላይ የዋለው አዲስ ቀመር ጾታን ግምት ውስጥ አስገብቷል፤ አልቡሚንንም ጨምሯል። በደም ውስጥ ያለው የሶዲየም መጠን ደግሞ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ተካቷል።

የጉበት ካንሰርም ከዚህ ቁጥር ውጭ የሚታይ ነው። ካንሰር ያለበት ሰው ጉበቱ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነጥቡ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 በሚላን የቀረበው መስፈርት አንድ እብጠት ብቻ ሆኖ ስፋቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ወይም እስከ ሦስት እብጠቶች ሆነው እያንዳንዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጡ፣ ወደ ደም ሥሮችና ከጉበት ውጭ ያልተሠራጩ ከሆኑ ንቅለ ተከላ ጥሩ ውጤት እንደሚሰጥ አሳይቷል። በተቃራኒው ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ከተሠራጨ፣ ቁጥጥር ያልተደረገበት ኢንፌክሽን ካለ፣ ወይም ልብና ሳንባ ክፉኛ ከደከሙ ንቅለ ተከላ አይደረግም።

በቅድሚያ መንስኤውን ማስወገድ

ከቀዶ ሕክምና በፊት ሊጠየቅ የሚገባ ሌላ ጥያቄም አለ። ጉዳቱን የሚያደርሰው ነገር ቢወገድ ጉበቱ ይመለሳል ወይ? ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በ2 ወይም በ3 ወራት በሚዋጡ ክኒኖች ከ95 በመቶ በላይ በሚሆኑት ሕመምተኞች ላይ ይድናል። ሄፓታይተስ ቢ ሙሉ በሙሉ ባይድንም ቴኖፎቪርን በመሳሰሉ መድኃኒቶች ይገታል። የሆድ ፈሳሽና ቢጫነት ከታየባቸው ሕመምተኞች መካከል እንኳ ቫይረሱ ሲገታ፣ መጠጡም ሙሉ በሙሉ ሲቆም፣ ከንቅለ ተከላ ወረፋ እስከ መውጣት ድረስ የሚሻላቸው አሉ። እንግዲህ ንቅለ ተከላ አስፈላጊ የሚሆነው መንስኤውን ማስወገድ ሳይቻል ሲቀር፣ ወይም ተወግዶም ጉበቱ ሳይመለስ ሲቀር ነው።

ንቅለ ተከላው እንዴት ይከናወናል?

የመጀመሪያውን የሰው ጉበት ንቅለ ተከላ ያደረገው አሜሪካዊው ቶማስ ስታርዝል ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1963 በዴንቨር ከተማ ቀዶ ሕክምናው የተደረገለት የ3 ዓመት ሕፃን በመድማት ምክንያት ሕይወቱ አለፈ። ከአንድ ዓመት በላይ የኖረች የመጀመሪያዋ ተቀባይ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት ዋነኛው እንቅፋት የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት የተተከለውን ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ማጥቃቱ ነበር። ከአፈር ፈንገስ የተገኘው ሳይክሎስፖሪን ይህን ጥቃት በመግታቱ ውጤቱ ተሻሻለ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የተሰበሰበ የባለሙያዎች ጉባዔም ንቅለ ተከላው ከሙከራነት ወጥቶ መደበኛ ሕክምና እንዲሆን መሰከረ። ዛሬ በጥሩ ማዕከላት ከ10 ተቀባዮች 9 ያህሉ ከአንድ ዓመት በላይ ይኖራሉ።

በቀዶ ሕክምናው የታመመው ጉበት ይወጣና አዲሱ በቦታው ይገባል። ከዚያም ዋናው ደም መልስ፣ የፖርታል ደም መልስ፣ ደም ቅዳውና የሐሞት ቱቦው ይገጣጠማሉ። ከሞተ ለጋሽ የተገኘ ጉበት በበረዶ ቀዝቅዞ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢበዛ ለ12 ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ቡድኑ ከሰዓት ጋር እየተሽቀዳደመ ይሠራል።

ሌላው አማራጭ ከሕያው ሰው የሚወሰድ ክፋይ ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1989 በአውስትራሊያ ብሪዝበን ከተማ አንዲት እናት ለልጇ በሰጠችው ክፋይ ለስኬት በቅቷል። ዘዴው የሚሠራው ከላይ በገለጽነው የመታደስ ኃይል ነው፤ ለጋሹ የቀረው፣ ተቀባዩም የተሰጠው ክፋይ ያድጋል። በተለምዶ ክፋዩ ቢያንስ የተቀባዩን ክብደት 0.8 በመቶ መሆን ይኖርበታል። ለ70 ኪሎ ግራም ሰው ይህ 560 ግራም ነው። ለጋሹም ቢያንስ ከጉበቱ 30 በመቶ ያህሉ ሊቀርለት ይገባል። ለጋሹ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የራሱ ያልሆነን አደጋ የሚሸከም ሰው ነው። ከ1000 ለጋሾች ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ሊሞቱ እንደሚችሉ ስለሚገመት ፈቃዱ ከዘመድ ግፊት ነጻ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ተቀባዩም ቢሆን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው አይሆንም። የመከላከያ ሥርዓቱን የሚያደክም መድኃኒት ዘወትር መውሰድ ይኖርበታል፤ መድኃኒቱ ለኢንፌክሽን፣ ለኩላሊት ጉዳትና ለአንዳንድ ካንሰሮች ያጋልጠዋል። መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ አዲሱን ጉበት ሊያሳጣው ይችላል።

በአገራችን ሁኔታ

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል። የጉበት ንቅለ ተከላ ግን በመደበኛነት የሚሰጥ አገልግሎት አይደለም። አቅም ያላቸው ሕመምተኞች ከሕያው ለጋሽ ጋር ሆነው ህንድን ወደመሳሰሉ አገሮች ይጓዛሉ፤ ወጪውን መሸፈን የሚችሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ «ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው መቼ ነው?» ለሚለው ጥያቄ በአገራችን ለአብዛኛው ሰው የሚጠቅመው መልስ ከዚያ ቀን ብዙ ዓመታት ቀድሞ ያለው ጊዜ ነው።

የተለያዩ ጥናቶችን አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ግምገማ በኢትዮጵያ ከ100 ሰዎች 7 ያህሉ ሄፓታይተስ ቢ በደማቸው እንደሚገኝ ገምቷል። ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በአዋቂነት ከሚያዙት ውስጥ ቫይረሱ ሥር የሚሰድባቸው ከ5 በመቶ ያነሱ ሲሆኑ፣ በተወለዱበት ወቅት ከሚያዙ ሕፃናት ግን 90 በመቶ ያህሉ ላይ ሥር ይሰዳል። ክትባቱ በአገራችን የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ አንባቢዎቻችን ክትባቱን በሕፃንነታቸው ያላገኙ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በአንድ ቀላል የደም ምርመራ ራሳቸውን አውቀው፣ ነጻ ከሆኑ ቢከተቡ፣ ቫይረሱ ካለባቸውም ክትትል ቢጀምሩ እንመክራለን።

መንስኤው ሁልጊዜ ቫይረስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2001 ገደማ ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታህታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ሆዳቸው እያበጠ የሚሞቱ ሰዎች በርክተው ነበር። በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች በሽታውን በአካባቢው ከሚበቅል አጄራተም ከተባለ አረም መርዝ ጋር አያይዘውታል። መርዙ ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ ከጉበት ደም የሚያስወጡትን ቀጫጭን ደም መልሶች ይደፍናል። በሐረር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ጫት መቃምን ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አዛምዶታል። ምንነታቸውና መጠናቸው ያልታወቀ የባህል መድኃኒቶችም ጉበት ሊያብላላቸው ስለሚገደድ፣ «የወፍ በሽታ» ላለበት ሰው መስጠት የደከመውን ጉበት ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል።

በመጨረሻም ለቤተሰብ የሚጠቅሙትን ምልክቶች ጠቅለል አድርገን እንጥቀስ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ንግግሩ ከተደናገረ ወይም ቀን ተኝቶ ሌሊት ከነቃ፣ ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሆዱም በፈሳሽ ከተወጠረ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መድረስ አለበት። እነዚህ ምልክቶች ከመታየታቸው በፊት ግን ጉበት ለብዙ ዓመታት ዝም ብሎ ሊቆይ እንደሚችል አይተናል። ያን ጊዜ የሚያጋልጠው የደም ምርመራ ብቻ ስለሆነ፣ ሳይታመሙ መመርመር ሊለመድ ይገባል።